ፊደል ላልቆጠረች እናት ስማርት ስልክ እንዴት እንደምታዘጋጁላት

እናቴ ደሴ ናት፣ እኔ አሜሪካ፣ ታናሽ እህቴ ዱባይ። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም። ድሮ ወንድሜ ካርቱም እያለ ደብዳቤ ሲልክ የጎረቤት ተማሪ ተጠርቶ ነበር የሚያነብላት፣ መልሱንም እሱው ነው የሚጽፍላት፣ «ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» ተብሎ ይታሸጋል፣ የሆዷን ግን በሰው ልጅ ፊት እንዴት አድርጋ ትናገር። ኋላ በካሴት ድምፅ ቀድቶ መላክ መጣ፣ እሱም መንገደኛ እስኪገኝ ወራት ይቆያል። አሁን ግን ማንም መሀል ሳይገባ እኔና እሷ ብቻ እናወራለን፣ በዚህ እድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ማለት ነው። ስለዚህ ባለፈው ስሄድ ስልኳን እንዴት እንዳስተካከልኩላት ልንገራችሁ፣ ብዙዎቻችሁ ስልኩን ገዝታችሁ ትልኩና ከዛ በኋላ ያለውን ለጎረቤት ልጅ ትተዉታላችሁ፣ እሱ አይበቃም።

መጀመሪያ አፕ ምረጡ፣ ሁሉንም አትጫኑባት። የሚወስነው ልጆቿ ያሉበት ሀገር ነው። ዱባይ ላይ በዋትስአፕ ቮይስ (ቀድተው የሚልኩት ድምፅ) እና ፎቶ ይሄዳል እንጂ ጥሪው አይሰራም፣ እዛ ያሉት ለጥሪ ቦቲም ነው የሚጠቀሙት። ኔትወርኩ ደከም የሚል ሰፈር ከሆነ ብዙ ሰው ኢሞን ይመርጣል። እኛ ለቮይስ ዋትስአፕ፣ ለእህቴ ጥሪ ቦቲም አልንና በሁለት ቆምን። ቴሌግራም ሞክረን ነበር፣ ግን እዛ ማይኩን ነካ አድርጋችሁ ከለቀቃችሁት ወደ ቪዲዮ ካሜራ ይቀየራል፣ እማዬ ጣቷ ቶሎ ስለሚለቅ ሁልጊዜ ካሜራው እየመጣባት ተናደደች፣ ተውነው።

ቀጥሎ ስክሪኑን አራቁቱት። ጌሙን፣ ማስታወቂያውን፣ የማትጠቀምበትን ሁሉ ከፊት ገፅ አንሱ። ከዛ ዋትስአፕ ላይ የያንዳንዱን ልጅ ቻት ክፈቱና ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ፣ ሞር (More) ውስጥ ገብታችሁ ሾርትከት የሚለውን ምረጡ፣ ልጁ ከነፎቶው የስልኩ ፊት ገፅ ላይ ይቀመጣል። ስም ስለማታነብ ፎቶው ነው ስሙ፣ ስለዚህ ፕሮፋይላችሁ ላይ አበባ ወይ ጥቅስ ወይ የመኪናችሁን ፎቶ አታድርጉ፣ ፊታችሁን ብቻ በትልቁ፣ ቶሎ ቶሎም አትቀይሩት። እህቴ አንዴ የማርያምን ስዕል አደረገችና እማዬ «ልጄ የት ሄደች» ብላ ሳምንት ሙሉ ሳትደውል ቀረች።

ቮይስ ማስተማሩ ላይ አትቸኩሉ። ማይኩን ተጭና ወደ ላይ ስትገፋው ይቆለፋል፣ ከዛ ጣቷን ለቃ እንደልቧ ታወራለች፣ ስትጨርስ ቀስቷን ነክታ ትልካለች። እኔ ይሄን ሦስት ቀን ነው ያለማመድኳት፣ ጓዳ ገብቼ እሷ ሳሎን ሆና እየላከችልኝ። ስልኩን ከእጇ ቀምታችሁ «እንዲህ ነው» አትበሏት፣ በራሷ ጣት ካልሆነ አይገባትም። የመጀመሪያ ቮይሷ ግማሹ ሰላምታ ነበር፣ ጤናሽ፣ ስራሽ፣ ብርዱ፣ እንዲያሳጥሩ አትንገሯቸው፣ እናቶች እንደዛ ነው የሚጀምሩት። ደሞ ከጥሪ ቮይስ የሚሻልበት ሌላ ምክንያት አለ፣ እህቴ ሰው ቤት ነው የምትሰራው፣ ስልኳን የምትይዘው ማታ ስራ ጨርሳ ነው፣ እኔ ጋ ደሞ ከኢትዮጵያ በ7 ሰዓት፣ የአሜሪካ ብርድ ወቅት ሲገባ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ነን፣ ቮይስ ግን ሁሉም በሚመቸው ጊዜ ይሰማዋል።

ፓኬጅ ቶሎ አለቀ የምትል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቤተሰብ ግሩፑ ነው። የዋትስአፑ ሴቲንግ ግቡና በሞባይል ዳታ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ አጥፉት፣ ቮይስ ብዙ አይበላም።

አሁን ማጭበርበሩ። አካውንት ሀክ አድርገው በልጅ ስም «ብር ላኪልኝ» የሚሉ አሉ፣ ድምፅም በኤአይ ይመሰላል። የኛ ህግ ብር የሚጠይቅ ሁሉ፣ እኔም ብሆን፣ የቤት ጥያቄ ይመልሳል። ድሮ የነበረችን ላም ስም፣ እንደዛ ያለ፣ ፌስቡክ ላይ የማይገኝ ነገር። በሜሴጅ የሚመጣ ቁጥር ደሞ ለማንም፣ ለቴሌ ሰራተኛ ነኝ ባይም ቢሆን፣ አይነገርም። ዋትስአፑ ላይ ባለሁለት ደረጃ መቆለፊያውን (two-step verification) አብሩ፣ እዛ የምታወጡትን ሚስጥር ቁጥር እናንተም ያዙት። ወሬ ሲላክላት ደሞ ማንበብ ባትችልም አንድ ምልክት አሳይቻታለሁ፣ ሁለት ተደራራቢ ቀስት ካለበት ከሰው ወደ ሰው ብዙ ጊዜ የተዞረ ነው፣ ማን እንደጀመረው አይታወቅም፣ እኛን ሳትጠይቂ ለማንም እንዳትልኪ ብያታለሁ፣ እሺ ብላ ይዛዋለች።

ከሁሉ የሚከብደኝ መርዶ ነው። በኛ ሀገር መርዶ በማለዳ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ሰውየው ቤቱ እያለ ነው የሚነገረው፣ ብቻውን እንዳይሆን። እኔ የአጎቴን ሞት የሰማሁት ስራ ላይ፣ ምሳ ሰዓት፣ የሻማ ፎቶ ፖስት ተደርጎ አይቼ ነው። ደግፎ የሚይዘኝ ሰው አጠገቤ አልነበረም። ከዛ በኋላ ቤተሰባችን ተስማማ፣ ሰው ሲያርፍ በየሀገሩ ማን ለማን እንደሚናገር አስቀድመን መድበናል፣ ለእህቴ እዛው ያለች ጓደኛዋ ናት፣ ሄዳ ቁጭ ብላ ትነግራታለች፣ ሁሉም መስማቱ ሳይረጋገጥ ፎቶ መለጠፍ፣ ነፍስ ይማር መጻፍ የለም። እናንተም ዛሬውኑ ተነጋገሩበት፣ ሰው ከሞተ በኋላ ለመነጋገር ይረፍዳል።

ኢንተርኔት ሲጠፋስ? በ2012 ሰኔ መጨረሻ ሦስት ሳምንት ገደማ ተዘግቶ ነበር፣ ያኔ በተራ ስልክ ነው የተገናኘነው። ስለዚህ የሁላችሁንም ቁጥር ከነሀገር ኮዱ ወፍራም ወረቀት ላይ ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ ከቁጥሩ ጎን ፎቶ ይኑር፣ ደውሎ ለሚሰጣት ጎረቤትም አሳዩት። ሬዲዮኗንም አትውሰዱባት።

የመጨረሻው፣ ቮይሶቹን አስቀምጡ። ስልክ ይሰረቃል፣ ውሃ ይገባበታል፣ ያኔ ድምፁም አብሮ ይሄዳል። እኔ ከእማዬ የመጣውን ቮይስ ተጭኜ ይዤ ሼር በሚለው ወደ ቴሌግራም፣ ሴቭድ ሜሴጅስ ወደሚለው እልከዋለሁ፣ እዛ ከገባ ስልክ ብቀይርም አገኘዋለሁ። ወር እስኪሞላ አትጠብቁ፣ በመጣ ቀን አድርጉት።