መንታ የመውለድ ዕድልዎን ከቤተሰብዎ ታሪክ እንዴት ማወቅ ይችላሉ?

«በዘራችን መንታ አለ» የሚለው ወሬ በብዙ ቤት ይነገራል። አንዲት ሴት ይህ ወሬ እሷን ይመለከታት እንደሆነ ማወቅ የምትችለው ግን መንታዎቹ በየትኛው ወገን እንደተወለዱና ምን ዓይነት መንታ እንደነበሩ ስታጣራ ብቻ ነው።

አማርኛችን ሁለቱንም ዓይነት «መንታ» እያለ በአንድ ቃል ስለሚጠራ ልዩነቱ በጨዋታ መካከል ይጠፋል። የመጀመሪያዎቹ፣ አንድ እንቁላል ጽንስ ከሆነ በኋላ ለሁለት ሲከፈል የሚፈጠሩት ናቸው። እነዚህ በየትም አገር ከ1000 ወሊድ በግምት በ4ቱ የሚያጋጥሙ ሲሆን፣ ባብዛኛው በዘር አይተላለፉም። ሁለተኛዎቹ የሚፈጠሩት በአንድ ወር ሁለት እንቁላሎች ወጥተው እያንዳንዳቸው ለየብቻ ሲጸነሱ ነው፤ መልካቸውም ከማንኛውም ወንድምና እህት የበለጠ አይመሳሰልም። በዘር የሚወረሰው ይህ በአንድ ጊዜ ሁለት እንቁላል የማውጣት ዝንባሌ ነው። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ከዝንባሌው ጋር የተያያዙ ሁለት የዘረመል ስፍራዎችን አግኝቷል፤ አንደኛው እንቁላልን ከሚያበስለው ሆርሞን መጠን ጋር የተገናኘ ነው።

ስለዚህ ወረቀት ይያዙና ከእናትዎ ይጀምሩ። ቀጥሎ እህቶችዎን፣ የእናትዎን እህቶችና የእናትዎን እናት፣ ከዚያም የአባትዎን እናትና እህቶች ያስፍሩ። ለጋብቻ ሰባት ቤት መቁጠር በለመደ ቤተሰብ ውስጥ ይህ አይከብድም፤ ለዚህ ጉዳይ እንዲያውም ሦስት ትውልድ ይበቃል። «አክስት» የእናትንም የአባትንም እህት ስለሚያመለክት ከስሙ አጠገብ ወገኑን መጻፍ አይርሱ።

በእያንዳንዱ መንታ አጠገብ ዓይነቱን ለመለየት ይሞክሩ። አንዱ ወንድ ሌላዋ ሴት ከሆኑ የሁለት እንቁላል መንታ ናቸው፤ ለእርስዎ ትልቁ ፍንጭም ይህ ነው። ጾታቸው አንድ ሆኖ ዘመድ ጎረቤት ለይቶ መጥራት ይቸግረው ከነበረ፣ ከአንድ እንቁላል የተገኙ ሊሆኑ ይችላሉ። አዋላጇ «የእንግዴ ልጁ አንድ ነበር» ብላ ከሆነ ቃሏን ይመዝግቡ እንጂ አይደምድሙበት፤ የሁለት እንቁላል መንታዎች የእንግዴ ልጅም ተጣብቆ አንድ ሊመስል ይችላልና። በጨቅላነት የሞተ መንታ ብዙ ጊዜ ከቤተሰብ ቆጠራ ይወጣል፤ ሐዘኑ ዛሬም ሊኖር ስለሚችል አያትዎን ቀስ ብለው፣ ብቻዎን ሆነው ይጠይቁ። እናትየዋ በስንት ዓመቷ እንደወለደች፣ ስንተኛ ወሊዷ እንደነበረና ለመጸነስ መድኃኒት ወስዳ እንደሆነም ይጨምሩ። በሕክምና እርዳታ የተጸነሰ መንታ ስለ ዘር የሚነግርዎ ነገር ጥቂት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በባል ወገን ላይ ነው። የባልዎ እናት መንታ መውለዷ የእርስዎን እንቁላል ሁለት አያደርገውም፤ ባልዎ ግን ዝንባሌውን ከእናቱ ወርሶ ለሴት ልጃችሁ ሊያስተላልፍ ይችላል። «መንታ አንድ ትውልድ እየዘለለ ይመጣል» የሚባለውም የመነጨው ከዚህ ይመስለኛል፦ ዝንባሌው በወንዱ በኩል ሲያልፍ ሳይታይ ቆይቶ በልጁ ላይ ይገለጣል። የባልዎን ወገን መረጃ አይጣሉት፤ ለልጅዎ ያስቀምጡላት።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በአፍሪካ ከ1000 ወሊድ በአማካይ 17 ያህሉ የመንታ ነው። እናቷ ወይም እህቷ የሁለት እንቁላል መንታ የወለደች ሴት የዚህ ዓይነት መንታ የመውለድ ዕድሏ በግምት እጥፍ ይሆናል። ከ17ቱ በዘር የማይወረሱትን 4ቱን ለይተን ቀሪዎቹን 13 በሁለት ብናባዛቸው፣ ድምሩ ከ1000 ወደ 30 ይጠጋል፤ ይህም ማለት እንዲህ ካሉ ሴቶች 970 ያህሉ የሚወልዱት አንድ ልጅ ነው። የሁለት ልጅ ልብስ አስቀድሞ መግዛት እንግዲህ ችኮላ ነው።

ከዘር ውጭም ዕድሉን ከፍ የሚያደርጉ ነገሮች አሉ። ዕድሜ ከ35 እስከ 39 ሲደርስ፣ ወሊድ ሲደጋገም፣ ቁመት ሲረዝም ወይም ክብደት ሲጨምር መንታ ይበዛል። ብዛቱ ከቦታ ቦታም ይለያያል፤ በደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያ የሚኖሩት ዮሩባዎች፣ በተለይም የኢግቦ ኦራ ከተማ ነዋሪዎች፣ በመንታ ብዛት በዓለም የታወቁ ናቸው። እንቁላል የሚያበስሉ መድኃኒቶችም ዕድሉን በእጅጉ ይጨምራሉ፤ ሆኖም የመንታ እርግዝና ያለ ጊዜው ለመውለድና ለደም ግፊት ይበልጥ ስለሚያጋልጥ፣ መንታ ፈልጎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት መውሰድ አደገኛ ነው።

ሲያረግዙ ወረቀቱን ይዘው ወደ መጀመሪያው የቅድመ ወሊድ ክትትል ይሂዱና ለሐኪሙ ወይም ለአዋላጅ ነርሷ ያሳዩ። አልትራሳውንዱንም እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ለመነሣት ይሞክሩ፤ መንታ ከሆኑ የእንግዴ ልጅ ይጋሩ ወይም አይጋሩ እንደሆነ በግልጽ የሚለየው በዚያን ጊዜ ሲሆን፣ የሚጋሩ ከሆነ ምርመራው ይበልጥ መቀራረብ ይኖርበታል።