ከአደጋ በኋላ የመሪ የኃላፊነት መግለጫ እንዴት ይጻፋል?

መጀመሪያ ግሱን ያስተካክሉ። «ክፍተት ታይቷል»፣ «መዘግየት ተፈጥሯል» ሲባል አድራጊው ይሰወራል፤ «ትእዛዙን ያዘገየሁት እኔ ነኝ» ብለው ይጻፉ። የሕግ አማካሪዎች ቀድመው የሚሰርዙት ይህችኑ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ አጥብቀው ይከራከሩላት።

ሁለተኛው ወጥመድ ቅድመ ሁኔታ ነው። ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 2005 ሉዊዚያናን በመታ በ15ኛው ቀን ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ኃላፊነት ወሰዱ፤ ግን «የፌዴራል መንግሥቱ ሥራውን በሚገባ ባልሠራበት መጠን» በሚል መንፈስ ገደቡት። ቤቱ በውኃ የተዋጠበት ሰው የኃላፊነት ቃሉን ትቶ ገደቡን ይሰማል። በቡሽ ንግግር ዋዜማ የፌዴራሉ የአደጋ መከላከል ድርጅት ኃላፊ ማይክል ብራውን ሥራቸውን ለቀው ነበር፤ የበታች ሹም ስንብት ግን የመሪን ቃል አይተካም።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው፦ ከሐዘን ቀጥሎ ማስጠንቀቂያው በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደደረስዎ፣ ምን እንደወሰኑ፣ ምን ሳያደርጉ እንደቀሩ ይጻፉ። የአየሩን ክፋት እዚህ አያንሱ፤ ሰበብ ይመስላል።

በመጨረሻ እርምት፦ ምን፣ በማን፣ እስከ መቼ። ዋይት ሐውስ በፌብሩዋሪ 2006 ስለ ካትሪና ባወጣው ግምገማ 125 ምክረ ሐሳቦችን ዘርዝሯል። በመጀመሪያው ቀን መግለጫ ግን በቀን የታሰሩ ሦስት እርምጃዎች ይበቃሉ።