ከፍቺ በኋላ፣ ልጅ የሌለው ሰው ኑዛዜ አደራረግ

ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ አካባቢ ቤት ያለው፣ የተፋታና ልጅ የሌለው ሰው ሳይናዘዝ ቢሞት፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ውርሱ ለእናቱና ለአባቱ እኩል ይደርሳል፤ ከሁለቱ አንዱ ቀድሞ ከሞተም ድርሻው ለዚያ ወላጅ ልጆች ይተላለፋል። በጋብቻ ዘመን ለትዳር ጓደኛ የተደረገ የኑዛዜ ስጦታ በፍቺ ይፈርሳል፤ ስለዚህ ለቀድሞ ባለቤትዎ አሁንም አንድ ነገር ለመተው ከፈለጉ (የሚፈልግም አይጠፋም) እንደገና መናዘዝ ይኖርብዎታል።

አስቀድመው የፍቺውን ውሳኔና የንብረት ክፍፍሉን ሰነድ ያሰናዱ፤ የጋራ የነበረን ቤት ድርሻው ሳይለይ መናዘዝ ክርክር ይጋብዛልና።

በእኔ አስተያየት አስተማማኙ በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ ነው፤ ይኸውም ጽሑፉ በእርስዎና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ፣ ይህ ሥርዓት መፈጸሙና ቀኑ ተጠቅሶ፣ ወዲያውኑ እርስዎና ምስክሮቹ የሚፈርሙበት ሲሆን፣ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ግን ሁለት ምስክር ይበቃል። የእድር ወዳጆችዎ ሊመሰክሩ ይችላሉ፤ ከስጦታው የሚካፈል ሰው ግን ባይመሰክር ይመረጣል።

በራስዎ እጅ ብቻ የጻፉት ኑዛዜ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ተናግሮ በየገጹ ቀንና ፊርማ ሊኖረው ይገባል፤ በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠም ዋጋ ያጣል።