የጥጥ አንሶላ ያለ ካውያ

ድሬ ላይ በግንቦት ሙቀት ካውያ ይዞ አንሶላ ላይ መቆም ቅጣት ነው። እኔ ከተውኩት ቆየሁ። አንሶላዬ ግን አይጨማደድም፣ ያውም ንጹህ ጥጥ።

ሚስጥሩ አሰጣጡ ላይ ነው። ጥጥ ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ ሲደርቅ ደግሞ በያዘው ቅርጽ ይቀራል። ስለዚህ ጠምዝዛችሁ አትጭመቁት። በማሽን ከሆነም እንዳለቀ ወዲያው አውጡት፣ ተጠቅልሎ አይደር። ከዚያ ለሁለት ሆናችሁ አራቱን ጫፍ ይዛችሁ ጧ እስኪል አራግፉት። (እኛ ቤት ይሄ የልጆቹ ሥራ ነው፤ ውሃው ፊታቸው ላይ ሲረጭ ይስቃሉ።) ገመዱ ላይ ጠርዙን ከጠርዙ አግጥማችሁ ስጡት።

አሁን ዋናው፦ ድርቅ እስኪል አትጠብቁ! የኛ ፀሐይ አታውቅም ምሕረት፤ ትንሽ ከረሳችሁት እንደ ቋንጣ ነው የምታገኙት፣ የያዘውን ጭምድድ ደግሞ ውሃ ካልረጫችሁበት በቀር ካውያም በቀላሉ አያቃናውም። መሃሉ ደርቆ የጠርዙ ስፌት ሲዳሰስ ገና ቀዝቀዝ እያለ አውርዱትና አልጋው ላይ ወጠር አድርጋችሁ አንጥፉት። በመዳፍ ከመሃል ወደ ዳር ዳበስ ዳበስ፣ መስኮት ከፈት፣ በቃ። ሐረር ያለችው እህቴ ግን እዚያ ቀዝቀዝ ስለሚል ገመዱ ላይ ትንሽ ታቆየዋለች።

ትርፉን አንሶላ በደንብ ካደረቃችሁ በኋላ አጥፋችሁ ፍራሽ ስር አስገቡት፣ ተኝታችሁበት ታድራላችሁ።

እኔ አሁን የምተኩሰው የትራስ ልብስ ብቻ ነው፣ እሱም እንግዳ ሲመጣ።