በረዶ አሸንዳውን ሲደፍነው ቤት እንዳያፈስ ምን እናድርግ?

እንጦጦ ሥር፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ለገጣፎ አካባቢ የምትኖሩ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁርና ቆርቆሮው ላይ በረዶ ይወርዳል፣ ትንሽ ቆይቶ በዝናብ ጠብታ አሳልፎ የማያውቀው ኮርኒስ ጥጉ ላይ መርጠብ ይጀምራል። ብዙ ሰው ወዲያው ቆርቆሮው ተበስቷል ብሎ ያስባል። ሬንጅ ይቀባል፣ ሲሊኮን ይሞላል፣ የሚቀጥለው በረዶ ሲመጣ ያው ነው። በዝናብ የማያፈስ ቤት በበረዶ ብቻ ካፈሰሰ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አሸንዳው ነው። ውሃው መውጫ አጥቷል ማለት ነው።

እንዲህ ነው የሚሆነው። በረዶው በቆርቆሮው ላይ ተንከባልሎ አሸንዳው ውስጥ ይገባል። እዚያ ቅጠል ካገኘ ከቅጠሉ ጋር ተጣብቆ የመውረጃ ቱቦውን አፍ ይዘጋል፣ ዝናቡ ግን አልቆመም። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። ስለዚህ 100 ካሬ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 2,000 ሊትር ውሃ መውጫ ይፈልጋል ማለት ነው፣ እሱም በአንዲት በተደፈነች ቀዳዳ። ካላገኘ ከበረዶው ኋላ እየተጠራቀመ ከፍ ይላል፣ ከዚያ በአሸንዳው የኋላ ጠርዝ ወይም በቆርቆሮው ሥር አድርጎ ኮርኒሱ ላይ ይፈስሳል።

ካናዳ ወይም ስካንዲኔቪያ ዘመድ ያላችሁ ተመሳሳይ ችግር ሲያወሩ ሰምታችሁ ይሆናል። የእነሱ መነሻው ሌላ ነው። ከቤት የሚወጣው ሙቀት ጣሪያ ላይ ያለውን በረዶ ከሥር ያቀልጠዋል፣ ውሃው ወርዶ ቀዝቃዛው የጣሪያ ጠርዝ ላይ ሲደርስ መልሶ ይረጋና ግድብ ይሠራል። መፍትሔያቸውም ሙቀቱ ወደ ጣሪያ እንዳያመልጥ ኮርኒሱ ላይ መከላከያ መደረብና ከጣሪያው ሥር አየር ማዘዋወር ነው፣ አንዳንዶች የሚያሞቅ ሽቦም ይዘረጋሉ። እዚህ እኛ ጋ ያ ሁሉ ገንዘብ ማባከን ነው። የኛ በረዶ በሰዓታት ውስጥ ይቀልጣል። የኛ ጉዳይ እስኪቀልጥ ድረስ ውሃው በየት ይውጣ የሚለው ነው።

መጀመሪያ ጽዳት። ባህር ዛፍ ወይም ጽድ አጠገብ ያለ ቤት አሸንዳው በበጋ ይሞላል፣ ምክንያቱም ቅጠሉን ነፋሱ ያመጣዋል፣ የሚያጥበው ዝናብ ግን የለም። በረዶ በበልግም ስለሚጥል ሰኔን አትጠብቁ። የካቲት ላይ አንዴ፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ አንዴ፣ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ከከባድ ነፋስ በኋላ ሁሉ እዩት። ቅጠሉን፣ ፌስታሉን፣ የወፍ ጎጆውን በእጅ ልቀሙት፣ ወደ ቱቦው አትግፉት። ሲጨርሱ ቱቦው አፍ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ድፉና ታች በምን ፍጥነት እንደሚወጣ ተመልከቱ። እየተንጠባጠበ ከወጣ ክርኑ ላይ የተቀረቀረ ነገር አለ።

ወንፊት ላይ ተጠንቀቁ። ቱቦው አፍ ላይ ጠፍጣፋ ወንፊት ማድረግ ጥሩ ሐሳብ ይመስላል፣ ግን በረዶ ሲጥል መጀመሪያ የሚደፈነው እሱ ነው። ማድረግ ካለባችሁ ወደ ላይ ጉልላት ያለው፣ ቀዳዳው ሰፋ ያለ ይሁን። የጣሪያ ውሃ ወደ ሮቶ የምታስገቡም (በኛ አካባቢ የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ የማያስገባ የለም) የሮቶው አፍ ላይ ያለውን ማጣሪያ አስቡት። እሱ ከተዘጋ ውሃው ቱቦውን ሞልቶ ወደ አሸንዳው ይመለሳል። ከሮቶው በፊት በቀጥታ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቅርንጫፍ አስገቡለት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ፓራፔት። አዳዲሶቹ ቪላዎች ጣሪያው እንዳይታይ ዙሪያውን በብሎኬት ይታጠራሉ፣ አሸንዳውም በቆርቆሮውና በብሎኬቱ መካከል ይደበቃል። ያምራል፣ አልክድም። ግን ከቤት ውጭ የተንጠለጠለ አሸንዳ ቢሞላ ውሃው ግቢ ውስጥ ይፈስሳል፣ የተደበቀው ሲሞላ ግን ሳሎን ውስጥ ነው የሚፈስሰው። እንዲህ ያለ ቤት ያላችሁ ሌላ ምንም ባታደርጉ ይህችን አድርጉ፦ ፓራፔቱን አስበስታችሁ የትርፍ ውሃ መውጫ አስገቡ። ቦታው ከአሸንዳው ወለል ከፍ ያለ፣ ነገር ግን ከአሸንዳው ጠርዝ ቢያንስ አራት አምስት ሳንቲ ዝቅ ያለ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ጠርዙ ጋ ከደረሰ በኋላ የሚሠራ መውጫ ጥቅም የለውም። ጠባብ ቱቦ አይሁን፣ በረዶ ራሱን ማሳለፍ አለበት። ወደ ጎን ሰፋ ያለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይመረጣል። ረጅም አሸንዳ ከሆነ በሁለቱም ጫፍ ይኑር። ሌላም ጥቅም አለው። በዚያ ቀዳዳ ውሃ ሲወጣ ካያችሁ ዋናው ቱቦ ተደፍኗል ማለት ነው፣ ሳትጎዱ አወቃችሁ። ብቻ ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳይወርድ፣ ጠብ ይዞ ይመጣል።

ውጭ የተንጠለጠለ አሸንዳ ላላችሁ የፊተኛው ጠርዝ ከኋለኛው ዝቅ ይበል፣ ሲሞላ ወደ ውጭ እንዲፈስ። ዝንባሌው በሜትር ግማሽ ሳንቲ ያህል ይበቃዋል። የተንጋደደ ማንጠልጠያ ካለ ይስተካከል፣ ውሃ የሚቆምበት ቦታ በረዶም የሚከማችበት ነው። ጣሪያው ኤል ቅርጽ ከሆነ ሁለቱ ተዳፋቶች የሚገናኙበት ሸለቆ ላይ ያለው ላሜራ ሰፊ ይሁን፣ የሁለት ጣሪያ በረዶ ነው እዚያ የሚወርደው።

በረዶው እየጣለ ጣሪያ ላይ እንዳትወጡ፣ በጭራሽ። ቆርቆሮው ያንሸራትታል፣ መብረቅም አለ። ዝናቡና መብረቁ ሙሉ በሙሉ ሲያቆም፣ መሰላሉን የሚይዝላችሁ ሰው ካለ፣ ከመሰላሉ ሳትወርዱ የቱቦውን አፍ ብቻ ክፈቱ። እሱ ከተከፈተ ውሃው ራሱ የቀረውን በረዶ እየጠረገ ይወስደዋል። አካፋና ዶማ አሸንዳውን ይበሳዋል፣ የፕላስቲክ ነገር ወይም ጓንት ያደረገ እጅ ይሻላል። ጨው አትበትኑ፣ የቆርቆሮውን ዚንክ ይበላዋል።

ኮርኒሱ ውሃ አዝሎ ከተነፋ ደግሞ መጀመሪያ የዚያን ክፍል መብራት ከብሬከሩ አጥፉ። ከዚያ ባልዲ አስቀምጡና የተነፋው መሐል ላይ በምስማር ትንሽ ቀዳዳ አብጁለት። ራሱ እስኪቀደድ ከጠበቃችሁ ሙሉው ይወርዳል።

ቤት እየሠራችሁ ያላችሁ፣ የትርፍ ውሃ መውጫውን ከልስን በፊት አሠሩት፣ ያኔ ቀላል ነው። አሸንዳ ሠሪውንም የመጨረሻ ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት የቱቦውን አፍ በጨርቅ ድፈኑና በጎማ ውሃ ሙሉበት። ውሃው በመውጫው ወደ ውጭ ከፈሰሰ ክፈሉት፤ ወደ ውስጥ ካዘነበለ እዚያው ቆሞ ያስተካክል።