ደሴ ላይ ቴርሞሜትር እንዴት ይፈተሻል?

አዲስ ቴርሞሜትር ገዝታችሁ የፈላ ውሃ ውስጥ ስትከቱት 92 ዲግሪ ቢላችሁ አትጣሉት። ያላችሁት ደሴ ከሆነ ልክ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ደህናውን ዕቃ ተበላሽቷል ብዬ መልሻለሁ።

የገዛሁት ለወተት ነበር። ጥሬ ወተት በሽታ እንዳያመጣ 63 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ መቆየት አለበት። ይሄ ደግሞ በግምት አይሆንም።

መጀመሪያ ስለ አሠራሩ። ቴርሞሜትር የሚነግረን የራሱን ሙቀት ነው። ወተት ውስጥ ሲገባ ቀስ በቀስ ይሞቃል፤ ቁጥሩ የሚታመነው ከወተቱ እኩል ሲሞቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ መሮጡን እስኪያቆም ጠብቁ። በብርጭቆው ዓይነት ውስጥ ያለው ቀይ አልኮል ሲሞቅ ይሰፋል፤ መሄጃ ስለሌለው በቀጭኗ ቀዳዳ ሽቅብ ይወጣል። ዲጂታሉ ጫፉ ላይ ትንሽ ዕቃ አለችው፤ ስትሞቅ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሟ ይለወጣል፣ መሣሪያው ያንን ወደ ቁጥር ይቀይራል። ለኩሽና ዲጂታሉን ግዙ። ብርጭቆው ቢሰበር ወተቱ በሙሉ ይደፋል።

የትኩሳት መለኪያውን ግን ፈጽሞ የፈላ ውሃ ውስጥ እንዳትከቱ። የሚለካው እስከ 42 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባለ ሜርኩሪው ከሆነ ይፈነዳል፣ ትነቱም መርዝ ነው።

ፍተሻውን በበረዶ ጀምሩ። በረዶውን ሰባብራችሁ ብርጭቆ ሙሉ አድርጉ፣ ክፍተቱን የሚሞላ ትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ እያማሰላችሁ ቆዩ። ጫፉ መሃል ላይ ይሁን፤ ብርጭቆውን አይንካ። 0 ማሳየት አለበት። ከፍታ ይህን ቁጥር አይለውጠውም ማለት ይቻላል፤ ደሴም ኮምቦልቻም ያው 0 ነው። ለዚህ ነው ከፈላ ውሃ ይልቅ በረዶን የማምነው።

እኔ ግን በፈላ ውሃ ጀመርኩ። ውሃ በ100 ይፈላል ተብለን ነው የተማርነው። ድስቱ እየተንተከተከ ቁጥሩ 92 ላይ ቆመ። እሳቱን ጨመርኩ፤ ንቅንቅ አላለም። በማግስቱ ሱቅ ሄጄ ሻጩን በሰው ፊት ተናገርኩት። ሌላ ቀየረልኝ። ቤት ስገባ እሱም 92።

ሚስጥሩ የገባኝ አክስቴ ኮምቦልቻ ቤቷ ውስጥ በዚያው ቴርሞሜትር ስትሞክረው ነው። 94 አለ። እሷ ደሴ ስትመጣ ሁሌ «እዚህ ንፍሮው እምቢ ይለኛል» የምትለው ነገር አላት። ምክንያቱ አንድ ነው። ውሃ የሚፈላው ከውስጡ የሚነሳው እንፋሎት የላዩን አየር ግፊት መቋቋም ሲችል ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ሳሳ ይላል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ውሃውም ሳይግል ይፈላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል ብላችሁ አስሉ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ 92 ይጠጋል። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፤ 94 ይጠጋል። አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት መጨመር እንፋሎቱን እንጂ ዲግሪውን አይጨምርም። ንፍሮውም የሚዘገየው ውሃው ከዚያ በላይ ስለማይግል ነው።

ሻጩን ሄጄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

በረዶው ላይ 1 ካሳያችሁ መሣሪያው አንድ ዲግሪ ይጨምራል ማለት ነው። ትንሽ ፕላስተር ጀርባው ላይ ለጥፋችሁ «1 ቀንስ» ብላችሁ ጻፉበት። በዚያ ሂሳብ ወተቱ 64 ሲል ነው ትክክለኛው 63 የሚሆነው። ሦስትና አራት ዲግሪ ከሳተ መልሱት፤ ያኔ እውነትም ተበላሽቷል።

ከዚያ ወተቱን በቀስታ እሳት እያማሰላችሁ አሙቁ። ጫፉ የድስቱን ቂጥ ከነካ ከወተቱ በላይ ያነባል፤ መሃል ላይ ያዙት። ሰላሳውን ደቂቃ መቁጠር የሚጀመረው ድስቱ ሲጣድ ሳይሆን 63 ሲደርስ ነው። ሲያልቅ ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ አስቀምጡት።