ዳገት ላይ ለሚፈላ መኪና፦ መጀመሪያ ክዳኑን እዩ

የምሠራበት ጋራዥ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚወጣው ዳገት ሲያልቅ ነው። የፈላ መኪና ፍለጋ አንሄድም፤ ራሱ እያጨሰ ይመጣል። “ውሃ ሞልቼ ነበር የተነሳሁት፣ አሁንም ፈላ” የማይባልበት ቀን የለም። ውሃና ዘይት ማየት፣ ፋኑ መዞሩን ማረጋገጥ፣ ቺንጋው አለመላላቱን መንካት የመሳሰሉትን ታውቃላችሁ ብዬ አልፋለሁ።

ምልክት፦ ከተማ ውስጥ ደህና ነው፣ ዳገት ላይ ይፈላል። ሞተር ሲጠፋ ይንተከተካል። ሪዘርቩ (ትርፉን ውሃ የሚይዘው የፕላስቲክ ዕቃ) ሞልቶ ይፈሳል፣ ራዲያተሩ ግን ጎድሏል።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው የራዲያተሩ ክዳን ነው። አዎ፣ ያቺ ትንሽ ክዳን። ማንም አይጠረጥራትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች እዚህ 92 ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ የእንጦጦ ጀርባ ላይ ስትወጡ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። በብዙ ቶዮታዎች ፋኑ የሚነሳው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ልብ በሉ፤ ግፊት ካልተያዘ ውሃው የሚፈላው ፋኑ ገና ሳይነሳ ነው! ይህን የሚያድነው ክዳኑ ነው። 1.1 የተጻፈበት (ቁጥሩ የግፊቱ ልክ ነው) ደህና ክዳን ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ፣ በእኛ ከፍታም ቢሆን ውሃው 118 ገደማ ሳይደርስ አይፈላም። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ወይም ሞላው ሲደክም ግን ያ ሁሉ አቅም በአንዴ ይጠፋል።

አንድ ሽማግሌ ከድሬዳዋ ቪትዝ ይዘው መጡ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እዚያ ምንም አላለም። እዚህ ልጃቸው ጋ ከመጡ ጀምሮ ግን በየሳምንቱ ይፈላል።

“ጋሼ፣ ራዲያተሩ አዲስ ነው። መቼ ቀየሩት?”

“ሁለተኛዬ ነው ልጄ። የውሃ ፖምፓውም ተቀይሯል። አሁን ደግሞ ቴስታታው ይውረድ እያሉኝ ነው።” ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው።

ክዳኑን ሳየው ጎማው እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰነጣጥቋል። ሁለት ራዲያተር ሲቀየር አሮጌው ክዳን ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዛወር ኖሯል! አዲስ ክዳን ገጠምኩላቸው፣ ዳገቱን ሁለቴ ወጥተን ወረድን። ጸጥ። ዋጋውን ስነግራቸው መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥለው ሌላ ነገር ተናገሩ፤ እሱን አልጽፈውም።

ሌላው ሚኒባስ ነው። ሾፌሩ ክዳኑ ስር ፌስታል አጣጥፎ እንደ ጎማ አድርጎታል። “ስድስት ወር ሠርቶልኛል” አለኝ ኮራ ብሎ። ፌስታሉ ቀልጦ ራዲያተሩ ውስጥ ገብቶ ነበር።

እንዴት ትመረምራላችሁ? ጠዋት፣ መኪናው አድሮ ሲቀዘቅዝ። ክዳኑን ክፈቱና ጎማውን በጥፍር ንኩት፤ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ አበቃለት። መሀሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ቫልቭ በቀስታ ሳቡ፣ ስትለቋት መመለስ አለባት። እሷ ከተጣበቀች መኪናው ሲቀዘቅዝ ውሃውን ከሪዘርቩ መልሶ መሳብ አይችልም። የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ጠዋት ተጨፍልቆ ካገኛችሁት ምክንያቱ ይኸው ነው። ክዳኑ የሚያርፍበትን የራዲያተሩን አንገትም እዩ፤ ዝገት ወይም ጭረት ካለው አዲስ ክዳንም ያፈስሳል።

ስትገዙ ቁጥሩን ከአሮጌው ጋር አመሳስሉ። “ትልቅ ቁጥር ይሻላል” የሚል ሻጭ አትስሙ፤ ግፊቱ ሲበዛ ያረጀ ራዲያተር የፕላስቲኩ ጠርዝ ይሰነጠቃል። ሶማሌ ተራ የሚሸጡ አንዳንድ ክዳኖች ቁጥሩ ብቻ ነው ያላቸው። ሞላቸውን በአውራ ጣት ስትጫኑት እንደ እስክሪብቶ ሞላ ይገባል። እንዲህ ያለውን ሳትከራከሩ መልሱ። ደህናው እኮ ከራዲያተር ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የጋለ ራዲያተር ክዳን አትክፈቱ። በጨርቅ ይዤ ቀስ ብዬ እከፍታለሁ አትበሉ። እጁና አንገቱ የተላጠ ደንበኛ አለኝ፣ እሱም ጨርቅ ይዞ ነበር። ሞተሩ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ቴስታታ ይሰነጥቃል። ዳር የቆመ ሰው ሁሉ ድፋበት ይላችኋል። እሱ ቴስታታ አይገዛላችሁም።

ምልክት፦ ክዳኑ አዲስ ነው፣ አሁንም ይፈላል።

ቴርሞስታቱ (እንደ ሙቀቱ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚከፍትና የሚዘጋው ቫልቭ) አለ? “ምን ያደርግላችኋል” ብሎ አውጥቶ የሚጥል መካኒክ ሞልቷል። በአንዳንድ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲወጣ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ይዞራል፤ እንዳይግል የተወሰደው እርምጃ ጭራሽ ያግለዋል። በሌሎቹ ደግሞ ሞተሩ ሳይሞቅ ይውላል፣ ቤንዚን ይበላል። መልሳችሁ አስገጥሙ።

ቀጥሎ ራዲያተሩን ከፊት ለፊት በባትሪ ብርሃን እዩ። ድርቆሽ የጫነ አይሱዙ ኋላ ኋላ የምትነዱ የሱሉልታ ሰዎች፣ ገለባው የት የሚገባ ይመስላችኋል? ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ ውሃ አጥቡት። በኃይለኛ ግፊት አይደለም፤ ቀጫጭኖቹ ክንፎች ይታጠፋሉ።

ውሃው ቡና መስሏል? ኩላንት (ከውሃው ጋር የሚገባው ፈሳሽ) አስገብታችሁ አታውቁም ማለት ነው። “እዚህ በረዶ የለም፣ ኩላንት ምን ያደርጋል?” ትሉኛላችሁ። ዝገት ይከላከላል፣ የመፍያውን ዲግሪም ከፍ ያደርጋል። የጉድጓድ ውሃ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት አይታችኋል አይደል? ራዲያተራችሁም ውስጥ እንደዚያው ነው።

ፖምፓው ከስሩ ካንጠባጠበ ወይም ኩሽኔታው ከጮኸ ይቀየር። ፋኑ ካልዞረ ፊውዝና ሪሌ እዩ፣ ከዚያ የፋኑን ሞተር።

ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ፣ ወይም ሞተሩ በቀዝቃዛው እንደተነሳ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ካለ፣ የቴስታታ ጋስኬት (ከቴስታታው ስር ያለው ማሸጊያ) ነው። ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ ጠፍጣፋነቱ ሳይለካ ጋስኬት ብቻ ቀይሮ የሚያስረክብ ጋራዥ ካለ፣ በሁለት ወር ትመለሳላችሁ።

የቪትዝ ባለቤቶች፦ ብዙዎቹ ቪትዞች የሙቀት መለኪያ ቀስት የላቸውም፣ ቀይ መብራት ብቻ። መብራቱ ከበራ “ቤት ድረስ ልድረስበት” የለም። ኤሲ አጥፉ፣ የካቢኑን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ ዳር ያዙ። ውሃው እየፈሰሰ ከሆነ ሞተሩን ወዲያው አጥፉ። እየፈሰሰ ካልሆነ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ነዳጅ ሳትሰጡ በሚኒሞ አቆዩት፤ ካልቀነሰ ይጥፋ። ውሃው ጨርሶ ካለቀ ደግሞ ሴንሰሩ እንፋሎት ብቻ ስለሚነካ መብራቱ ላይበራም ይችላል።